ማሟሻው ይውጣ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ወርክሾፔ መጣ። ሊጥ የሚያቦካ ማሽን እየሠራ ነው። ስዕሉን በስልኩ አሳየኝ። ያምራል። ማርሹም፣ ሞተሩም፣ በርሜሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። «ስንተኛህ ነው?» አልኩት። «ሰባተኛው ዲዛይን ነው ጋሼ።» ማሽኑ ራሱ ሦስት ጊዜ ተቆርጦ ሦስት ጊዜ ተበይዷል፤ አሁን ላስቲክ ለብሶ ቤቱ ቆሟል። «ጤፍ ነክቶት ያውቃል?» አልኩት። ዝም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጭብጥ ዱቄት አልገባበትም።

ልስቅ አልኩና ተውኩት። ራሴን አየሁበት።

በ1986 ዓ.ም. ነው። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ከሰው ቤት ብየዳ ወጥቼ በራሴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልሠራ ተነሣሁ። ሸክላውን ገዛሁ። ጀርባውን ቦይ አወጣሁለት፣ ሽቦውን ጠቅልዬ አስገባሁና በጀሶ ደፈንኩት። እግሩን ከቱቦላሬ፣ አክንባሎውን ከላሜራ ሠራሁ። እስከዚህ ድረስ የፈጀብኝ ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ ቀለም መቀባት ጀመርኩ።

የዚህን ከተማ ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ ይለጠፍበታል። በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ። እንደገና እቀባለሁ። እንደገና አቧራ። ስምንት ወር አንድ ምጣድ ሳልሸጥ አለፈ። ሰው ሲጠይቀኝ «ትንሽ ቀረው» እላለሁ። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ታላቅ ወንድሜ ነበር።

ጥራት ወዳድ ነኝ እል ነበር። ውሸቴን ነው። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነበር የያዘኝ። ላስቲክ ለብሶ የቆመ ምጣድ ማን ይነቅፈዋል?

አንድ ቀን ጎረቤታችን መጡ። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ የሚላቸው ሴት ናቸው። ማኅበር ደርሶባቸው ምጣዳቸው ተቃጥሏል።

«ያን የምትቀባውን አምጣው እስቲ።»

«አልደረሰም እኮ እትዬ።»

«ይሞቃል?»

«ይሞቃል።»

«እንግዲያ ደርሷል።»

ተሸክሜው ሄድኩ። ጎመን ዘር ነሰነሱበት፣ በማሰሻ አሹት፣ ሊጡን ከዳር ጀምረው እያዞሩ መሃል ላይ ጨረሱ። ማሟሻው ተጣብቆ ተቀዳደደ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ቁራጩን ጠቅልለው ለልጆቹ ሰጡና ሁለተኛውን አፈሰሱ። ማሟሻ ተበላሸ ብላ ምጣድ አጥፍታ የምትተኛ ጋጋሪ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው መሃሉ ዓይን በዓይን ሆነ። ዳሩ ግን ሊጥ ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። አክንባሎውን ሊያነሱ ሲሉ መያዣው ፈጃቸው፤ ብረቱን እንጨት አላለበስኩትም ነበር። ቀና ሲሉ ደግሞ «ወገቤን ገደልከው፣ ምነው እንዲህ ዝቅ አደረግኸው?» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ስምንት ወር ያላየሁትን ሦስት ጉድ አወጡልኝ።

«ቀለሙስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የምን ቀለም?»

የዳሩን ነገር ማታ ላይ ነው ያገኘሁት። ሽቦውን ከመሃል እስከ ዳር እኩል አራርቄ ነበር የጠቀለልኩት። የምጣድ ዳር ግን ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል፤ ስለዚህ ወደ ዳር ሲሄድ ሽቦው ጠበቅ ጠበቅ ማለት አለበት። ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ ይህን አላገኘውም ነበር። ያገኘሁት ካልበሰለ እንጀራ ነው።

ከዚያ በኋላ አምስት ሠራሁና ለሰፈር ሰው በቅናሽ ሸጥኩ። ቃል ያስገባኋቸው አንድ ነገር ነው፤ ያስቸገራቸውን መጥተው ይነግሩኛል፣ እኔም በነፃ አስተካክላለሁ። ስድብም አብሮ መጣ። ስድቡን በደብተር ጻፍኩት፤ ደብተሩ ዛሬም አለኝ።

አደራ፣ ይህን ስል ዝርክርክ ሥራ ሽጡ ማለቴ አይደለም። ምጣድ ቀልድ አይደለም። 3,500 ዋት በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ቀጭን ገመድ ብትሰጡት ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ቤት ያቃጥላል። ጋጋሪዋ ደግሞ እጇ እርጥብ ነው። ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ በሰው ሳይሆን በሽቦ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፣ የሌለው ምጣድ ያን ጊዜም ከቤቴ አልወጣም፣ ዛሬም አይወጣም። የሚገድለውንና የሚያሳፍረውን ለዩ። የሚገድለውን እናንተ ጨርሱት፤ ደንበኛ ላይ አይሞከርም። አፕ የምትሠሩት ልጆችም ብትሆኑ የሰው ገንዘብና የሰው ምስጢር እንደ ኧርዝ ነው። የቁልፉ ቀለም ግን ሰማያዊ ሆነ አረንጓዴ፣ ኧረ ተዉኝ!

ከከተማው ወጣ ስትሉ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ታያላችሁ። በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ 34 ነበሩ፣ 51 ሜጋ ዋት። በ2007 ዓ.ም. 102 ተጨመሩ፣ ሌላ 153 ሜጋ ዋት። ሁሉም ይሙላና አንድ ላይ እንጀምር ቢባል ኖሮ ያ የመጀመሪያው መብራት ሦስት ዓመት ይቀርብን ነበር። የሚያዞራቸው ያው ቀለሜን ያበላሸው ነፋስ ነው። ይኸው 30 ዓመት አለፈው፣ እስካሁን አልታረቅንም።

እና አንተ ባለ ሊጥ ማሽኑ፣ ይህን ካነበብክ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን በባጃጅም ቢሆን ጭነህ አምጣው። የማርሹ መሸፈኛ ብቻ አይቅር፣ ጣት ይበላል። ቀለም እንዳትቀባው። አምስት ኪሎ ዱቄት ከእኔ፣ እርሾው ከባለቤቴ። ሽርጥ ይዘህ ና፤ መጀመሪያ ላይ ሊጡ ግድግዳ ላይ መውጣቱ አይቀርም።