«እኔን ማን ይሰማኛል?» ላልሽው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አውቶቡስ ላይ አንብቤ፣ ቤት ስገባ ደግሜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን የጻፍሽውን ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ነው ያደግሽው፤ አሁን 20 ዓመትሽ ነው፣ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ነሽ። ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ ጂምናስቲክ ሠርተሻል። 17 ሲሞላሽ ጉልበትሽ ተጎዳ፣ ኦፕሬሽን ተደረግሽ፣ አንድም ዩኒቨርሲቲ ሳይመለምልሽ ቀረ። ቅዳሜና እሁድ በአንድ ክለብ ሕፃናት ታሰለጥኛለሽ። ሕልምሽ የኮሌጅ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ መሆን ነው፤ ያውም ዋንጫ የሚያነሳ ቡድን። እናትሽ «ነርሲንግ ግቢ» ብለው ይዘውሻል። አባትሽ ደግሞ ነገሩን እንደ ጨዋታ ነው የሚያዩት።

ከዚህ ሁሉ የከነከነኝ ግን አንድ መስመር ነው። «ራሴ ኮሌጅ ሳልወዳደር፣ ከእኔ የሚበልጡ ልጆችን ምን ብዬ አርማለሁ? እኔን ማን ይሰማኛል?» ብለሻል።

ይህቺን ጥያቄ በሌላ መልክ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ትቆጠቁጠኛለች። ያልተጫወተ አያሰለጥንም የሚባለውን ነገር ማን እንዳመጣው አላውቅም። አሰልጣኝነት የተጫዋችነት ጡረታ አይደለም። ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከራስሽ ስፖርት ልጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ግሬግ ማርስደን በ1975 የዩታ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ሲጀምር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር፤ በጂምናስቲክ ያተረፈው ስም አልነበረውም። 40 ዓመት አሰልጥኖ በ2015 ሲሰናበት 10 ብሔራዊ ሻምፒዮና ይዞ ነው። ቫለሪ ኮንዶስ ፊልድን ደግሞ ሳታውቂያት አትቀሪም፤ ልጆቹ «ሚስ ቫል» የሚሏት። የባሌት ዳንሰኛ ነበረች። ጂምናስት ሆና አታውቅም። ዩሲኤልኤን (ሎስ አንጀለስ ያለውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) እስከ 2019 በዋና አሰልጣኝነት መርታ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን አድርጋዋለች።

እዚህ ላይ ግን ቆም በይ። የሚስ ቫልን ታሪክ እንደ ማስታገሻ እንዳትውጪው እፈራለሁ። ዳንስ ለማስተማርና የወለል እንቅስቃሴ (ፍሎር) ለመቀመር ወደ ዩሲኤልኤ የመጣችው በ1983 ነው። ዋና አሰልጣኝ የሆነችው በ1991። መሐል ላይ ስምንት ዓመት አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ ሌሎች ሲያሰለጥኑ ታያለች፣ የምታውቀውን ትሰጣለች፣ የማታውቀውን ትለቅማለች። ከዚያም በኋላ ቢሆን መጀመሪያ ላይ አልተሳካላትም። ራሷ በአደባባይ ተናግራዋለች፤ ቁጡ የሆኑ ዝነኛ አሰልጣኞችን ለመምሰል ሞከረች፣ ጮኸች፣ ቡድኑ ወደቀ። በመጨረሻ ልጆቹ ሰብሰብ ብለው እውነቱን ነገሯት። የተለወጠችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ የነበረው ጆን ውደን ስለ ስኬት የተናገረውን አንብባ፣ ሌላ ሰው መምሰሉን ተወች።

ይህን የማነሳው አንቺም ልትሠሪው ያለው ስሕተት ስለሚመስለኝ ነው። «አይሰሙኝም» ብሎ የሚፈራ ሰው ወይ ይጮኻል ወይ ይሸሻል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ወሎ ውስጥ የስፖርት መምህር ሳለሁ፣ መረብ ኳስ በወጉ ሳልጫወት የሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን ተሰጠኝ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በፊሽካና በቁጣ ጨረስኩት። አንድ ቀን የቡድኑ አምበል «ጋሼ፣ እርስዎ ሲቆጡ ኳሱ አይታየንም» አለችኝ። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የሙያ ምክሮች የሚስተካከላት የለም።

አሁን ወደ ሥራው። ቀጥሎ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የምጽፈው አባትሽ እንዲያነቡት ነው። በኮሌጅ ውድድር አራት መሣሪያ አለ፤ ቮልት (እየሮጡ የሚዘሉበት)፣ ባር (ከፍና ዝቅ ያሉ ሁለት ዘንጎች)፣ ቢም (በላዩ የሚሄዱበት ጠባብ አግዳሚ)፣ ፍሎር (ወለል)። በእያንዳንዱ ላይ ስድስት ልጆች ይወጣሉ፣ የአምስቱ ነጥብ ይያዛል። አንዷ ቢበዛ 10 ታገኛለች። ስለዚህ ቡድኑ ቢበዛ 200 ነው የሚያመጣው። በ2018 ብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ ዩሲኤልኤ 198.0750፣ ኦክላሆማ 198.0375 አመጡ። ልዩነቱ የአንድ ነጥብ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስታርፍ እግሯን ትንሽ ያንቀሳቀሰች አንዲት ልጅ ውጤቱን ትገለብጠው ነበር።

የዩሲኤልኤ የመጨረሻዋ ተረኛ ፔንግ ፔንግ ሊ ነበረች። ቢም ላይ። ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 1.25 ሜትር። 10 አመጣች። ካናዳዊት ናት፤ ለ2012 ኦሎምፒክ ስትዘጋጅ ጉልበቷ ተጎድቶ ቀርታለች፣ በጉዳቱም የተነሳ ኮሌጅ ስድስተኛ ዓመት ላይ ደርሳ ነበር።

እስቲ አስቢው፤ በዚያች ሰዓት አሰልጣኟ ሚስ ቫል ምን ነበር የምትሠራው? ቢም ላይ አትወጣላትም። ከዚያ በፊት ግን ማን መጨረሻ ትውጣ የሚለውን ወስናለች። ማን ጫና ሲበዛባት እንደምትጠነክር፣ ማን እንደምትርበደበድ ለይታለች። ከስድስቱ ያልገባችው ልጅ ሳትኮርፍ ከዳር ቆማ ለጓደኛዋ እንድትጮኽ አድርጋለች። ይህ ሁሉ ባር ላይ ተሽከርክሮ የሚገኝ እውቀት አይደለም። ሰው በማየት የሚገኝ ነው። አንቺ ደግሞ በደብዳቤሽ ስለ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጽፈሻል፤ ቢም ላይ ከመውጣቷ በፊት እጇን ልብሷ ላይ ከጠረገች እንደምትወድቅ ደርሰሽበታል። ይህን ያስተማረሽ የለም። እኔ የፈለግሁት ማስረጃ እሱ ነው።

ጉልበትሽን በተመለከተ፣ ጉዳቱ ያስተማረሽ ነገር እንዳለ አልጠራጠርም። የሥራ ማመልከቻሽ ግን በጉዳትሽ አይጀምር።

የምትገቢበት በር ላይ እንነጋገር። አሁን ጊዜው ከ1975 ይለያል። በአንደኛ ዲቪዚዮን፣ ማለትም በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ ያሉት የሴቶች ቡድኖች 60 ገደማ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥቂት አሰልጣኝ ነው የሚይዘው። በመላ አሜሪካ ያለው ቦታ ጥቂት መቶ ነው ማለት ነው። ለዚያ የሚሰለፉት አብዛኞቹ የኮሌጅ ተወዳዳሪ የነበሩ ናቸው። ኦክላሆማን እስከ 2025 ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገችው ኬ ጄ ኪንድለርም አዮዋ ስቴት የተወዳደረች ናት። ስለዚህ በፊት ለፊት በር «ቅጠሩኝ» ብትይ ሲቪሽ የሚነበብ አይመስለኝም። በጓሮ በር ግቢ።

የምትማሪበት ዩኒቨርሲቲ ቡድን አለው ብለሻል። ሄደሽ የተማሪ ረዳት መሆን እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። ፍራሽ ማንሳት ነው፣ ቪዲዮ መቅረጽ ነው፣ ልጆቹ እጃቸውን የሚቀቡትን ነጭ ዱቄት ማቅረብ ነው፣ ውኃ መቅዳት ነው። አትናቂው። እኔ አሜሪካ ገብቼ ሁለት ዓመት በመኪና ማቆሚያ ከሠራሁ በኋላ ወደዚህ የምክር ሙያ የገባሁት የአንድ ኮሌጅ የምክር ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ነው። ስልክ እያነሳሁ፣ አማካሪዎቹ ከተማሪ ጋር ሲነጋገሩ በተከፈተው በር እሰማ ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የጓሮ በር የሚጥመኝ። አባትሽ የኳስ ሰው ከሆኑ ሞሪንሆ ወደ ታላላቅ ክለቦች የገባው በአስተርጓሚነት እንደሆነ አስታውሻቸው። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬም ኃይሌንና ደራርቱን ያሰለጠኑት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ኖሯቸው አልነበረም።

ከዚያ ጎን ለጎን የዳኝነት ፈተና ውሰጂ። ይህን አጥብቄ ነው የምመክርሽ። በጂምናስቲክ የተወዳዳሪነት ታሪክሽን ሊተካ የሚችል ወረቀት ካለ እሱ ነው። የዳኛ ዓይን ያላት ረዳት፣ ልጅቷ ካረፈች በኋላ ነጥቡ የት እንደሄደ ወዲያው ትናገራለች። ያኔ «ምን ያህል ተወዳድረሻል?» የሚልሽ የለም። ነጥቡን ነው የሚፈልጉት።

ወደ እናትሽ ልምጣ። «ለክለቡ የከፈልነው ሁሉ አፈር በላው» ይላሉ ብለሻል። በአክብሮት እናገራለሁ፤ ተሳስተዋል። አሥራ አንድ ዓመት የከፈሉት ለልጃቸው ልጅነት ነው። ብድር አልነበረም፣ በነርስነት ዲግሪ አይመለስም። ነርስነት የተከበረ ሥራ ነው፤ ለዚህም ነው ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው በሽተኛ አጠገብ ባይቆም የምመርጠው። ከዚህም በላይ፣ አንድ ልጅ የመላ ቤተሰቡ የጡረታ ዋስትና ተደርጎ ሲታይ በጣም ያናድደኛል። ያለንበት ማኅበረሰብ ይህን ማውራት አይወድም።

አንቺም ግን ከወቀሳ አታመልጪም። «ገንዘብ ዋናው አይደለም» ብለሻል። የቤት ኪራይ የማይከፍል ሰው አባባል ነው! ረዳት አሰልጣኝ ሆነሽ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በትንሽ ደመወዝ፣ ምናልባትም ማንንም በማታውቂበት ግዛት ታሳልፊያለሽ። ቡድንም ይዘጋል። አላባማ ያለው ታላዴጋ ኮሌጅ የጂምናስቲክ ቡድኑን የዘጋው በአንድ የውድድር ዘመን ነው፣ 2024 ላይ። ስለዚህ የጀመርሽውን ዲግሪ ጨርሺ። ማስተርስ የምትማሪ ከሆነ በረዳትነት ሥራ ክፍያውን የሚሸፍንልሽ ቦታ ብቻ ሂጂ። በብድር ለመማር ካሰብሽ እኔን አትጥሪኝ።

የቀሩትን በአጭሩ። «እኔን የምትመስል አሰልጣኝ አላይም» ላልሽው፣ ኮሪን ታርቨርን ፈልጊያት፤ በ1989 በአራቱ መሣሪያ ድምር የኮሌጆች ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት፣ በኋላም የፊስክ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ከዜሮ አስጀምራለች። ስለ ልጆች ክብደት የጠየቅሽኝ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ሚዛን ይዞ የሚቆም አሰልጣኝ ባለበት አዳራሽ አትቆዪ፣ ያየሽውንም ለሚመለከተው አካል ተናገሪ። ብዙ ጂምናስቶችን በወሲብ ካጠቃው የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም ከላሪ ናሳር በኋላ ዝምታ ሰበብ የለውም።

ዋንጫ የሚያነሳ ቡድን ስላልሽው አንድ ታሪክ ልጨምር። ዲዲ ብሮ ኤልኤስዩን (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን) ከ1977 እስከ 2020 አሰለጠነች። 43 ዓመት። ብሔራዊ ዋንጫ አላገኘችም። በ2024 ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን አሰልጣኙ ከእሷ የተረከበው ጄይ ክላርክ ነበር። አንቺ በእሷ ቦታ ብትሆኚ 43ቱን ዓመት ትወጃቸው ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ለእኔ አትመልሺልኝ። ለራስሽ ግን ዲግሪሽን ከመያዝሽ በፊት መልሺው።

ውድድር የሚጀመረው ጥር ላይ ስለሆነ ከመስከረም ሳታልፊ አሰልጣኞቹን አነጋግሪ። ኢሜይል ጻፊ፤ በሳምንት ካልመለሱ በአካል ሂጂ። ፍራሽ ስታነሺ ደግሞ ለብቻሽ አትሞክሪ፣ ከባድ ነው፤ ያ ጉልበትሽ ገና አልጠነከረም።