የምኒልክ ሳንቲሞች መጽሐፍ እስኪወጣ፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

በምኒልክ ዘመን የተመቱ ሳንቲሞችን ልዩነት አንድ በአንድ የሚለይ አዲስ መጽሐፍ እየተዘጋጀ ነው። ወሬው ከተሰማ ወዲህ የሰሜን ሸዋ ሰብሳቢ ሁሉ የአያቱን ሣጥን እያመሰ ነው፤ ጥሩ ነው። ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ ባንድ ላይ እመልሳለሁ። ግን ሳንቲሙን አትጠቡት። የሁለቱንም ፊትና የጠርዙን ፎቶ ላኩ፣ ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑ። ዋጋ አትጠይቁኝ።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ መጽሐፉ መቼ ነው የሚወጣው?

አዘጋጆቹ ሲጨርሱ። ቀጥሉ።

ከመሐል ሜዳ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ነገር አልገባኝም። ሳንቲሙ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል፣ የንጉሡ ስም ተጽፏል። መጽሐፉ ከዚህ በላይ ምን ሊነግረን ነው?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅልኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ሳንቲም ላይ ያለ ዓመት ሁልጊዜ የተመታበት ዓመት አይደለም። በኛ አገር ይሄ ነገር ሦስት ጊዜ ነው የተደገመው። ጠገራ ብርን ተመልከት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ፊት ያለበትን። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ጠገራው ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚያው 1780 ሲመታ ኖሯል። የጃንሆይ ሳንቲሞችም 1936 ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በዚያው ዓመት ተመተዋል። በመሃል ደግሞ የምኒልክ ግርሽ አለች፣ ባለ 1895ቷ። ትንሿ የብር ግርሽ፣ 1.40 ግራም የምትመዝነው። 1895 ተብሎ የተጻፈባት ግርሽ ምኒልክ በ1906 ካረፉ በኋላም በነዘውዲቱ ዘመን ፓሪስ ላይ ስትመታ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ አስበው። አንተ እጅ ያለችው ባለ 1895 ግርሽ ምኒልክ በሕይወት እያሉ ወጥታ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ። ዓመቱ አይነግርህም። የሚነግርህ ጥቃቅኑ ነው፦ ጀርባዋ ላይ ያለው አንበሳ ጋማ፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የነጥቡ ርቀት፣ የማምረቻው ምልክት። ከመጽሐፉ የምጠብቀው ይሄን ነው። በትልልቅ ፎቶ እነዚያን ባለ 1895ዎች ለይቶ ካሳየኝ ሌላው ገጽ ባዶ ቢሆንም አልከፋም። አልለየም ማለት ደግሞ የድሮውን ዝርዝር በአዲስ ሽፋን ነው የሚሸጡልን።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሰላም፣ ባለ 1889 ብር አለኝ ስንት ያወጣል?

ከላይ ያለውን አንብብ።

ከአንኮበር፦ ጋሼ እንደምን አሉ። እኛ ጋር ሽማግሌዎች «የአንኮበር ብር» የሚሉት ነገር አለ። ምኒልክ አንኮበር እያሉ ያስመቱት ነው ይባላል። መጽሐፉ ውስጥ ይገባል?

ሽማግሌዎቹን አክብር፣ ግን እንደዚያ የሚባል ምኒልክ ያስመቱት ብር የለም። የመጀመሪያዎቹ ብሮች ላይ የተጻፈው ዓመት 1887 ነው። በዚያን ጊዜ ምኒልክ ከአንኮበር ወጥተው፣ እንጦጦን አልፈው አዲስ አበባ ከተማ አድርገዋል። ሸዋ ከዚያ በፊት የሚገበያየው በጠገራና በአሞሌ ጨው ነበር። አልዩ አምባ ገበያ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ጨው እንደ ገንዘብ ይሄድ ነበር፣ ያንተ አገር ነው፣ ታውቀዋለህ። ሽማግሌዎቹ የሚሉት ጠገራውን ይመስለኛል። አንዱን አምጥተህ አሳየኝ፣ ሴት ፊት ካለበት ነገሩ አለቀ።

ከመንዝ፣ ሞላሌ፦ የ«ግራ እግር» እና «ቀኝ እግር» ነገር ግራ ገብቶኛል። አንበሳው የትኛውን እግር ነው ያነሳው?

ባለ አንድ ብሩን ላስረዳ። የ1887 እና የ1889 ብር ላይ አንበሳው የፊት ግራ እግሩን አንስቷል። የ1892 እና የ1895 ብር ላይ የፊት ቀኝ እግሩን። ይሄ ለብሩ ነው። ለአላድ (ለግማሽ ብር)፣ ለሩብ፣ ለግርሽ ይሄን ሕግ አትጎትቱ፤ እያንዳንዱ የራሱ ጉዳይ አለው።

ከደብረ ብርሃን፦ ይቅርታ ግን የማን ግራ? የኛ ግራ ወይስ የአንበሳው? እኔ የማውቀው በተመልካች ነው።

ከአለም ከተማ፦ በተመልካች ከሆነ ሁለቱም የፊት እግሮች በኛ ግራ በኩል ናቸው ወንድሜ፣ ወደዚያ እያየ ነዋ።

ከደብረ ብርሃን፦ ታዲያ ለምን «ግራ» ይሉታል?

ከአለም ከተማ፦ ለአንበሳው ግራ ስለሆነ። ወታደርን «ወደ ግራ» ስትለው በማን ግራ ነው የሚዞረው?

ከደብረ ብርሃን፦ ወታደር ሌላ አንበሳ ሌላ።

ኧረ በቃችሁ። የአንበሳው ግራ ነው። አንበሳው ወደኛ ግራ እየተራመደ ስለሆነ የሚታየን የግራ ጎኑ ነው። ስለዚህ ለኛ የቀረበው እግር ግራው ነው፣ ከበስተኋላ ያለው ደግሞ ቀኙ። የቀረበው ከተነሳ 1887 ወይም 1889። የራቀው ከተነሳ 1892 ወይም 1895። ይሄን ያዙና ክርክሩን ተዉት።

ይሄ ነገር ለሌላም ይጠቅማል። ብዙ ሰው የብሩ ፊት ተፍቆ ስላለቀ ዓመቱን ማንበብ አልቻልኩም ይላል። የሚያስፈልጓችሁ የመጨረሻዎቹ ሁለት የግዕዝ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ ፹፯፣ ፹፱፣ ፺፪፣ ፺፭። መጀመሪያ ያለው ፲፰፻ በሁሉም ላይ አንድ ነው፣ በሱ አትድከሙ። ፹ ይሁን ፺ ካልታያችሁ እግሩን እዩ። የቀረበው እግር ከተነሳ ፹ ነው፣ የራቀው ከተነሳ ፺። ከዚያ የሚቀረው የመጨረሻዋን አሃዝ መለየት ነው። ለዚያ ከጎን በኩል ብርሃን አብሩበት፣ ከላይ አይደለም። የስልክ መብራት ይበቃል። ያለቀ ፊደል ጥላው ይወጣል።

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ ስለ ፓሪስ ምልክቶች ቢነግሩን? አንዱ ላይ «A» አለ፣ አንዱ ላይ የለም። «A» የሌለው ፎርጅድ ነው አሉኝ።

ማን ነው ያለህ? እንደዚህ እያሉ ነው ንጹሕ ሳንቲም በቅናሽ የሚገዙት።

የ1887 ሳንቲም ላይ ከሥር ሦስት ነገር ታያለህ፦ ፍሬ የሞላበት ቀንድ፣ «A»፣ እና አንድ ላይ የታሰረ የዘንግ ጥቅል ከመጥረቢያ ጋር። ቀንዱና «A» የፓሪስ ገንዘብ ማምረቻ ምልክቶች ናቸው። ዘንጉ ደግሞ በጊዜው የነበረው የሳንቲም ቅርጽ ቀራጮች አለቃ የግል ምልክት ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. አለቃው ተቀየረ፣ አዲሱ ሰው ችቦ ተጠቀመ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ በተመቱት ላይ ዘንጉ ወጥቶ ችቦ ገባ፣ «A»ም ቀረች። የ1892 ወይም የ1895 ብርህ «A» ከሌለው የሚጠበቅ ነው። እንዲያውም 1895 ተብሎ የዘንግ ጥቅል ካለበት ያኔ ጠርጥር።

ምንም ምልክት የሌላቸውም አሉ። እነሱ አዲስ አበባ ላይ የተመቱ ናቸው። አመታታቸው ሸካራ ነው፣ አንዳንዴ መሃሉ በደንብ አልታተመም። እኔ ከፓሪሶቹ ይልቅ እነሱን ነው የምወደው። ፓሪስ መምታት ምን ይገርማል?

ከሸዋ ሮቢት፦ አንድ አሮጌ ሳንቲም አለኝ፣ ክብ ነው፣ ጽሑፍ አለው። ምንድን ነው?

ክብ ነው፣ ጽሑፍ አለው። እሺ። ፎቶ ላክ።

ከጫጫ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ጠገራ ትክክለኛ መሆኑን እንዴት ነው የምናውቀው? አባቴ የሴትየዋን ዕንቁ ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው።

አባትህ ልክ ነበሩ። ድሮ ሰው ዕንቁዎቹን ቆጥሮ፣ የጌጧን ጥራት አይቶ ነው የሚቀበለው። ትንሽ ያለቀ ከሆነ አይፈልግም ነበር። አንተ ግን ሚዛን አለህ፦ 28.07 ግራም አካባቢ። ማግኔት አስጠጋበት፣ ከሳበው ብር አይደለም። ጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ አለ፣ እሱ ከሌለ ወይም ከደበዘዘና የመገጣጠሚያ መስመር ካለበት በቀለጠ ብረት የፈሰሰ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ የጣልያን ጠገራ ግን ፎርጅድ ነው አይደል?

ከጫጫ፦ ጣልያን የራሱን ነው ያመጣው፣ ለወረራው።

ከአለም ከተማ፦ ፎርጅድ የሚባለው ብሩ ሲጎድል ነው። ጣልያኑ ብሩን አላጎደለም።

ከደብረ ብርሃን፦ ለወረራ የመጣ ገንዘብ እንዴት ትክክል ይባላል? ሰው ደሙ ፈሶበታል።

ከአለም ከተማ፦ እኔ ስለ ብሩ ነው የማወራው፣ ስለ ጦርነቱ አይደለም።

ሁለታችሁም ቁጭ በሉ። ጣልያን በ1935 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያ የሳንቲሙን መምቻ ቅርጽ ወስዶ ሮም ላይ መታ። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም መቱ። ብሩ ሙሉ ነው፣ ለሰብሳቢ ፎርጅድ አይደለም። ለምን እንደመጣ የታሪክ ጥያቄ ነው፣ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ መጽሐፉም የምኒልክ እንጂ የጠገራ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ጉዳዩ ከተነሳ አይቀር። የምኒልክ ብር 28.075 ግራም ነው፣ ከመቶ 83.5 እጅ ጥሩ ብር። ጠገራው 28.07 ግራም፣ ከመቶ 83.3። አስሉት። የምኒልክ ብር ውስጥ ያለው ብር በጣም በትንሹ ይበልጣል። ገበያተኛው ግን ለዓመታት አልቀበልም አለ፣ የለመደውን የሴትዮዋን ፊት ነው የፈለገ። በአዋጅ አልሆነም። ትንሿ ግርሽ ግን ወዲያው ተወደደች፣ ምክንያቱም ጠገራ ለዶሮና ለበርበሬ አይዘረዘርም። ስለዚህ ነው ግርሾቹ እንዲህ ተፍቀው ያለቁት፣ ስለዚህ ነው ያላለቀች ግርሽ ብርቅ የሆነችው።

ከመሐል ሜዳ፦ የእናቴ የአንገት ብር ነው። ጠቁሮ ነበር፣ በኮልጌት ፈትጌ አበራሁት፣ ፎቶው ይኸው።

እግዚኦ። ለምን? ለምን ትፈትጋለህ? የጠቆረው ቆዳው ነው። ኮልጌት አሸዋ ነው፣ የጋማውን ፀጉር በልቶታል። አመድ፣ ሎሚ፣ ኮልጌት፣ የወርቅ ቤት አሲድ፣ ሁሉም ያው ነው። አትጠቡ!

ከሞላሌ፦ ጋሼ፣ እናቶቻችን በዓል ሲደርስ ሁሌም ሲያሹት ነው የኖሩት። መብሳቱም፣ ጆሮ (ማንጠልጠያ) ማስበየዱም እንደዚያው። የሳንቲሙ ታሪክ አይደለም እንዴ?

የተበሳው ታሪክ ነው፣ እስማማለሁ። አንገት ላይ የዋለ ብር ሌላ ክብር አለው፣ እኔም አሉኝ። ግን ዛሬ አንተ ኮልጌት ስታፈስበት ታሪክ አይደለም፣ ጥፋት ነው።

ከደብረ ሲና፦ አጎቴ እርሻ ሲያርስ ትንሽ የነሐስ ሳንቲም አገኘ፣ መስቀል አለው። አክሱም ነው አሉን። መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል?

አይገኝም። የአክሱም ከሆነ የምድር ቅርስ ነው፣ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ግዴታ ነው። አጎትህ አይሽጠው፣ ከአገር እንዲወጣ ለሚጠይቀው ነጋዴ ደግሞ ፎቶም አይላክለት። ሌላ አልልም።

ከጫጫ፦ የጃንሆይ ሃያ አምስት ሳንቲም አለኝ፣ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ያለው። ብርቅ ነው?

አይደለም። መጀመሪያ ክብ ነበር፣ ሰዎች በብር እየቀቡ ሃምሳ ነው እያሉ ስላሳለፉት ነው ጠርዙ የተቀየረው። ክቡን ካገኘህ ንገረኝ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ መጽሐፉ ግን መቼ ነው?

አንተ ልጅ።

ከሰላድንጋይ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ብር ነው፣ አልታጠበም። ወርቅ ቤት አስመዝኜ 27.6 መጣ። የራቀው እግር ነው የተነሳው። ከሥሩ ቀንድና ችቦ አለ፣ «A» የለም። የመጨረሻው ቁጥር አልታይ ብሎኛል፤ ከላይ በኩል የብየዳ ምልክት አለ። የፊቱን፣ የጀርባውን፣ የጠርዙን ፎቶ ልኬያለሁ።

እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ። እናንተ ሌሎቻችሁ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው።

ክብደቱ ትክክል ነው። ግማሽ ግራም ያህል በመልበስና በመገበያየት ይሄዳል፣ ጆሮው ሲነቀልም ትንሽ ይዞ ሄዷል። ጠርዙ ላይ የግዕዙ ጽሑፍ ጠርቶ ይነበባል፣ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ» ከሚለው «ታበጽሕ»ን አይቻለሁ፣ ያ ደስ አሰኝቶኛል። እግሩና ችቦው ተስማምተዋል፣ ስለዚህ ወይ ፺፪ ነው ወይ ፺፭። በላክሽው ፎቶ ላይ መብራቱ ከላይ ነው የመጣው። ማታ ክፍሉን አጨልመሽ፣ የስልኩን መብራት ጠረጴዛው ላይ አስተኝተሽ፣ ብሩን ቀስ እያልሽ አዙሪው። የመጨረሻዋን አሃዝ ብቻ አቅርበሽ አንሺና ላኪልኝ። ብየዳውንም አትንኪው፣ ማንም «ላጽዳልሽ» ቢልሽ እንዳትሰጪው።

ከሰላድንጋይ፦ እሺ ጋሼ፣ ዛሬ ማታ አነሳለሁ። መብራት ካልጠፋ።

የስልክ መብራት ነው ያልኩሽ። ቢጠፋም ይሻላል፣ ክፍሉ ይጨልምልሻል።