«የቱ ጋ ነው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ታላቅ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ ከያዘው ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን ደግሞ የ19 ዓመቱ ታናሻችን ብቻውን ሲሆን ስሙን የሚጠራው ድምፅ ይሰማዋል። ዞር ሲል ማንም የለም፤ «ጆሮዬ ነው» ይላል። ትምህርቱንም እርግፍ አድርጎ ሊተው ነው። የመረመሩት ሐኪም «በሽታው አልያዘውም፣ ግን በጣም ተጋላጭ ነው» አሉን። በሽታው ሳይጀምር የአንጎል ክፍሎች ግንኙነት እንደሚቋረጥ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ኤም.አር.አይ አንሥተነው ቁርጡን ማወቅ አንችልም?
የሁለት ወንድሞች እህት

መልስ፦ እህቴ፣ ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ አባት የልጃቸውን የኤም.አር.አይ ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው «የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጣቴን የማሳርፍበት ቦታ አልነበረም። ዛሬም ቢጠይቁኝ የለኝም።

ያነበብሽው ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ካርል ፍሪስተንና ክሪስ ፍሪዝ በ1995 እ.ኤ.አ. የስኪዞፍሬኒያ ችግር በአንድ የአንጎል ቦታ ሳይሆን ክፍሎቹ እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መንገድ ላይ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ በብዛት ከተጠኑት አንዱ ታላመስ ነው፤ ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣውን መልእክት ተቀብሎ የሚያከፋፍል፣ በአንጎል መሀል የተቀመጠ ክፍል። በታማሚዎች ላይ ታላመስ ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ጋር ያለው ትስስር ላልቶ፣ ከመስማትና ከእንቅስቃሴ ክፍሎች ጋር ያለው ጠብቆ ይገኛል። ተጋላጭ በሆኑ ወጣቶችም ይኸው ለውጥ ለዘብ ብሎ ታይቷል፤ በኋላ በታመሙት ላይ ደግሞ ጎልቶ። ስለዚህ «ተቋረጠ» የሚለውን ቃል ተዪው። አንዱ ይላላል፣ ሌላው ይጠብቃል። የሚለካውም ገመድ አይደለም፤ ሰውየው ዝም ብሎ በተጋደመበት የየትኞቹ ክፍሎች የደም ኦክስጅን አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል ነው።

ታዲያ ለምን አናነሣውም? እነዚህ ግኝቶች የብዙ ሰዎች አማካይ ናቸው። የታማሚውና የጤነኛው ልኬት እጅግ ይደራረባል። ራስን በትንሹ ማንቀሳቀስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መድኃኒት፣ ሁሉም ውጤቱን ያዛባል። ደግሞ ይህን ልብ በዪ፦ ከእነዚህ ለውጦች አንዳንዶቹ በታማሚዎች ጤነኛ እህትና ወንድሞች ላይም ይታያሉ። አንቺ ራስሽ ብትነሺ ሊገኝብሽ ይችላል፤ አንቺ ግን ደህና ነሽ። ሐኪሙ ኤም.አር.አይ ቢያዝዝ እንደ ዕጢ ያለ ሌላ ምክንያት እንደሌለ ለማረጋገጥ ነው፤ «ንጹሕ ነው» መባሉም ነገ እንደማይታመም ዋስትና አይሆንም።

እንደ ወንድምሽ ተጋላጭ ከተባሉት መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሳይኮሲስ (እውነቱን ከሌለው ነገር መለየት ወደሚያቅትበት ሁኔታ) የሚገቡት ከአራት አንድ ያህል ናቸው። አብዛኞቹ አይገቡም፤ ቢሆንም ጭንቀትና ድባቴ ስለሚያስቸግሯቸው ክትትሉ አይቋረጥ። በ19 ዓመት አንጎል ገና ራሱን እያስተካከለ ነው፤ የነርቭ ግንኙነቶቹን የመምረጥና የማጥበቅ ሥራ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይቀጥላል። ካናቢስን አጥብቄ የምከለክለው ለዚህ ነው። እንቅልፉን በሰዓቱ ይተኛ። በዚህ ደረጃ መጀመሪያ የሚመከረው ደግሞ በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው እንጂ የሳይኮሲስ መድኃኒት አይደለም።

«ጆሮዬ ነው» ማለቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ድምፁን እየተጠራጠረው ነው ማለት ነው። አትከራከሪው፣ አትሳቂበትም፤ «ድምፁ ምን አለህ? ፈራህ?» ብለሽ ጠይቂው። ጥርጣሬው ጠፍቶ ድምፁን እውነት ብሎ ከያዘ፣ ድምፁ ካዘዘው፣ ለተከታታይ ቀናት እንቅልፍ ካጣ ወይም ስለ ሞት ካወራ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።

እስከዚያው እሱ ባወቀውና በተስማማበት አንድ ደብተር ያዙ፦ ድምፁ የመጣው መቼ ነው፣ ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛ፣ ያን ቀን ከማን ጋር ዋለ። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ ከፊልሙ ይልቅ ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ።