የጋራ ማከማቻችን ለምን ይንቀራፈፋል?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የግራፊክስ ዲዛይን ስቱዲዮ አለን። የቡና ማሸጊያ፣ የሠርግ ካርድና ባነር እንሠራለን፤ በምረቃ ሰሞን ደግሞ የተመራቂዎች መጽሔት ይበዛብናል። ዘጠኝ ባለሙያዎች ፋይሎቻችንን የምናስቀምጠው አራት ሃርድ ዲስክ ባለው አንድ የኔትወርክ ማከማቻ ላይ ነው። ጠዋት ሁለት ሦስት ሰው ሲጠቀም ደህና ይሠራል፤ ሁላችንም ስንገባ ግን አንድ ፋይል ሴቭ እስኪሆን ብዙ ደቂቃ እንጠብቃለን። ጥግ ላይ ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ደግሞ ጠዋትም ማታም እኩል ቀርፋፋ ናቸው። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቀን ነገሩ ይብሳል። አንዱ ባለሙያ የኢንተርኔት ፍጥነት አሳድጉ፣ ሌላው አዲስ ማከማቻ ግዙ ብለውናል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ሁለቱንም አያድርጉ። ከኮምፒውተር ወደ ማከማቻው የሚሄደው ፋይል ከስቱዲዮዎ ስለማይወጣ የኢንተርኔቱ ፍጥነት በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ድርሻ የለውም። አዲስ ማከማቻ መግዛትም ቢሆን ችግሩን በሙሉ አይፈታውም፤ የጻፉልን ምልክቶች የሚያሳዩት አንድ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ብልሽቶችን ነውና።

ጥግ ላይ ካሉት ሁለት ኮምፒውተሮች እንጀምር። ሰው ቢበዛም ቢያንስም ፍጥነታቸው የማይለወጥ ከሆነ መመርመር ያለበት ማከማቻው ሳይሆን ወደ እነርሱ የሚሄደው መስመር ነው። በዊንዶውስ የኔትወርክ ግንኙነቱን ሁኔታ ከፍተው የፍጥነቱን ቁጥር ያንብቡ። በሴኮንድ 1 ጊጋቢት ሊል ሲገባው 100 ሜጋቢት ካለ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው፤ በ100 ሜጋቢት መስመር በሴኮንድ የሚያልፈው 11 ሜጋባይት ያህል ብቻ ስለሆነ 2 ጊጋባይት የሆነ የባነር ፋይል ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በ1 ጊጋቢት መስመር ግን ያው ፋይል በ20 ሴኮንድ ገደማ ይከፈታል። ለዚህ መውረድ የተለመደው ምክንያት ኬብሉ ነው። ጊጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ብቻ ይሠራል። በመሆኑም አንዷ ሽቦ ብትበጠስ ወይም በኮኔክተሩ (በኬብሉ ጫፍ ባለው መሰኪያ) ውስጥ በደንብ ሳትያዝ ብትቀር መስመሩ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ሊወርድ ይችላል። እንደ ጅማ ክረምቱ ረጅምና እርጥበቱ ብዙ በሆነበት ከተማ በደንብ ያልተገጠመ ኮኔክተር ጫፉ ቶሎ ይዝጋል፤ ስለዚህ ኮኔክተሮቹን ቆርጦ በአዲስ መግጠም የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በመሐል በገባች ትንሽ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን በምታገናኝ ሳጥን) የሚገናኙ ከሆነም የስዊቿን ፍጥነት ይመልከቱ፤ አሮጌ ስዊች ከ100 ሜጋቢት በላይ ላይሄድ ይችላል።

ሁላችሁም ስትገቡ የሚመጣው መጨናነቅ የበለጠ ትኩረት ይሻል። ሥራ በበዛበት ሰዓት የማከማቻውን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፍተው የኔትወርኩንና የዲስኩን አጠቃቀም ጎን ለጎን ያስተያዩ። ኔትወርኩ በሴኮንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ደርሶ ከቆመ ጠባቡ ቦታ ማከማቻውን ከስዊቹ ጋር የሚያገናኘው አንዱ ኬብል ነው። ማከማቻውም ስዊቹም የሚፈቅዱ ከሆነ ሁለተኛ ኬብል ጨምሮ ማጣመር ይረዳል፤ ይህ ግን ሰዎቹን በሁለት መስመር ይከፋፍላል እንጂ የአንዱን ሰው ፍጥነት አይጨምርም።

በእርስዎ ሁኔታ የምጠረጥረው ግን ሌላውን ነው፤ ኔትወርኩ ገና ቦታ እያለው ዲስኮቹ ወደ 100 በመቶ ተጠግተው ያገኟቸዋል ብዬ እገምታለሁ። እንደ እናንተ ያለ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ ፈጣን ነው። ዘጠኝ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቀው ግን የማንበቢያው ጫፍ፣ በሂርማታ ገበያ ብዙ ደንበኛ እንደሚያዝዘው ብቸኛ ባለሱቅ፣ ከወዲያ ወዲህ በመሮጥ ጊዜውን ይጨርሳል፤ በሴኮንድ ከ150 ሜጋባይት በላይ ያነብ የነበረው ዲስክም ወደ ጥቂት ሜጋባይት ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው በእጅ ያሉትን ሥራዎች ብቻ የሚይዝ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) መጨመርና ያለቁትን በአሮጌዎቹ ዲስኮች ላይ መተው ነው። የመጠባበቂያ ቅጂና የቫይረስ ፍተሻም ወደ ሌሊት ይዛወሩ።

የአሠራር ልማዳችሁም ይታይ። አዶቢ ራሱ የፎቶሾፕ ፋይል በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ ኔትወርክ እንዲገለበጥ ይመክራል። ይህን ስታደርጉ አንድን ፋይል ሁለት ሰው በየፊናው እንዳያሻሽለው ማን እንደያዘው የሚታወቅበት ደንብ ማውጣት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የአንዱ ሰው የቀን ሙሉ ሥራ በሌላው ቅጂ ተሸፍኖ ይጠፋል። በኢለስትሬተር ከፒዲኤፍ ጋር እንዲጣጣም የሚያደርገውን ምርጫ ማጥፋትም ፋይሉን ያሳንሳል፤ ወደ ኢንዲዛይን የሚገባ ፋይል ላይ ግን አያጥፉት።

የመብራቱ ነገር ቀላል ነው። ማከማቻው በድንገት ሲጠፋ በቀጣዩ መነሻው ዲስኮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ለሰዓታት ሊፈትሽ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ለሠራተኛው የሚተርፈው አቅም ትንሽ ነው። ማከማቻውንና ስዊቹን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ በሚያሠራ መሣሪያ) ያሠሩ፤ የዩፒኤሱንም የዩኤስቢ ገመድ ከማከማቻው ጋር ያገናኙና ባትሪው ሳያልቅ ማከማቻው በሥርዓት ራሱን እንዲዘጋ ያስተካክሉት።