ስለ ምስጥ ለጠየቃችሁኝ

ከመሬት ሥር ወጥቶ ቤት ስለሚበላው ምስጥ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ደጋግመው የመጡትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ መስኮቴ ላይ ክንፍ ያላቸው ነፍሳት ፈልተዋል። ጉንዳን ናቸው ወይስ ምስጥ?

መልስ፦ አንዱን ያዙና ከጎን ተመልከቱት። ወገቡ የቀጠነ፣ አንቴናው የታጠፈ ከሆነ ጉንዳን ነው። የምስጥ አሸን ወገቡ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው። አራቱ ክንፎቹም እኩል ናቸው። የጉንዳን ግን የፊተኞቹ ይረዝማሉ። የረገፈ ክንፍ ብቻ ብታገኙም ጠርጋችሁ አትጣሉት፤ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ አሸኑን በፍሊት ጨረስኩት። ተገላገልኩ?

መልስ፦ አልተገላገላችሁም። እንጨቱን የሚበላው ክንፍ የሌለው፣ ነጣ ያለው ሠራተኛ ነው። እሱ ብርሃን ስለሚሸሽ አይታያችሁም። ንግሥቲቱም ያለችው ጎጆው ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ መሠረቱ ላይ እርሳስ የሚያህል የጭቃ መስመር አለ። ልጥረገው?

መልስ፦ እባካችሁ ሁሉንም አትጥረጉ! የምስጥ ገላ ቶሎ ስለሚደርቅ እርጥበቱን ጠብቆ የሚሄደው በዚያ ነው። መሃሉን ትንሽ ብቻ ስበሩት። ከጥቂት ቀን በኋላ በእርጥብ ጭቃ ተደፍኖ ካገኛችሁት፣ አሁንም እየተመላለሰ ነው። ባይደፈንም አትዘናጉ፤ በሌላ በኩል መንገድ ሊያወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ብሎኬት ነው። ምን ያሰጋኛል?

መልስ፦ ብሎኬት አይበላም። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ግን ያሳልፈዋል። ከዚያ መቃኑ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ካርቶኑ፣ መጽሐፉ አለለት።

ጥያቄ፦ መቃኑ ከላይ ደህና ነው። ውስጡን በምን ልወቅ?

መልስ፦ በካቻቢቴ እጀታ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጫፉን ጫን አድርጉበት፤ የተበላ እንጨት ይሰምጣል። ውስጡን ስታዩት ለስላሳው ተበልቶ ጠንካራው ስስ ንብርብር ሆኖ ቀርቷል፤ በመሃሉም አፈር አለ። አፈር ከሌለውና ደቃቅ፣ ደረቅ ፍሬ ከረገፈ ግን የደረቅ እንጨት ምስጥ ሊሆን ይችላል። የዚያ ሕክምና ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ እርጥበቱን አጥፉ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገን፤ ግድግዳ የተደገፈ ማገዶ ይነሳ። እንጨት አፈር አይንካ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ከዚያ ባለሙያ ጥሩ፤ እሱ አፈሩን በመድኃኒት ያክማል ወይም ማጥመጃ ይቀብራል። ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ካለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ንገሩት።