የአሸዋው ዳር ሜዳ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በምድር ባቡር ለረጅም ዘመን አገልግዬ በጡረታ ላይ የምገኝ የድሬዳዋ ሳቢያን ነዋሪ ነኝ። በሰፈራችን ደረቅ የአሸዋ መውረጃ ዳር ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ እኛም ፀሐይ ስትበርድ ከአንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር የምንቀመጥበት ሜዳ ነበር። ከጎኑ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ አልሚ ባለፈው ዓመት ሜዳውን በቆርቆሮ አጠረው፤ ዛሬ ከአጥሩ በላይ የሚታየን የዛፉ ጫፍ ብቻ ነው። ስንጠይቀው «ቤት ለገዙኝ ሰዎች የማለማው አረንጓዴ ቦታ ነው» ይለናል። ካሊፎርኒያ የምትኖረው ልጄ ደግሞ፣ እዚያ መሬት ሸንሽኖ የሚሸጥ ሰው ለፓርክ የሚሆን ቦታ ለከተማው የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ግዴታ በእኛ አገር አለ ወይ?

መልስ፦ ልጅዎ የነገረችዎ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ክዊምቢ አክት የተባለው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ከተሞች መሬት ከሚሸነሽን አልሚ ለ1,000 ነዋሪ 3 ኤከር፣ ማለትም 1.2 ሄክታር ገደማ፣ ቀድሞም ሰፊ ፓርክ ያላቸው ከሆኑ ደግሞ እስከ 5 ኤከር ለፓርክ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ሽንሻኖው ከ50 ቦታ የማይበልጥ ከሆነ በአብዛኛው የሚጠየቀው በመሬቱ ፈንታ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡም በመርህ ደረጃ የዚያኑ አዲስ ሰፈር ነዋሪዎች ለሚያገለግል ፓርክ መዋል ይኖርበታል። ከሕጉ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ሌላ ሰፈር የተተከለ ዛፍ ለእርስዎ ጥላ አይሆንዎትምና።

ያም ሆኖ ከተማው ያሻውን ያህል መጠየቅ አይችልም። በኦሪገን የምትገኘው የታይጋርድ ከተማ፣ የቧንቧ ዕቃ መሸጫዋን ለማስፋት ፈቃድ የጠየቀችን ፍሎረንስ ዶላን የተባለች ባለንብረት፣ በፋኖ ክሪክ ዳር ጎርፍ የሚተኛበትን መሬት ለሕዝብ አረንጓዴ መተላለፊያ፣ ከጎኑም 15 ጫማ ስፋት ያለው ቦታ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ እንድትለቅ ጠይቃት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 በ5 ለ4 ድምፅ፣ የሚጠየቀው መሬት ግንባታው ከሚያስከትለው ጫና ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ከተማው ማሳየት አለበት ሲል ወሰነ። ዳኞቹ በጎርፍ መተኛው ላይ መገንባት መከልከሉን አልነቀፉም፤ ያልተቀበሉት ቦታው የግድ ለሕዝብ መተላለፊያ የሚሆንበት ምክንያት ሳይነገር መቅረቱን ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር የሚነሣው እዚያ መሬቱ የግል ሀብት ስለሆነ ነው። በእኛ አገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አልሚው በእጁ ያለው በሊዝ ውል የተወሰነ ካሬ ሜትርን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ብቻ ስለሆነ፣ ለሕዝብ ቆርሶ የሚሰጠው መሬት የለውም። አረንጓዴው ቦታ የሚከለለው ቦታ ለማንም ከመተላለፉ በፊት፣ በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 በተደነገጉት መላውን ከተማ በሚመለከተው በመዋቅራዊ ፕላንና አንድን ሰፈር በዝርዝር በሚያሳየው በአካባቢ ልማት ፕላን ነው። የከተሞቻችን የፕላን መርህም 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል።

ስለዚህ አስቀድመው ማወቅ ያለብዎት ሜዳው ለአልሚው ተሰጥቶት እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። ለከተማው ፕላን ክፍል በጽሑፍ አመልክተው የአካባቢ ልማት ፕላኑና የአልሚው ካርታ ወሰን እንዲነጻጸር ይጠይቁ። ሜዳው ከወሰኑ ውጭ ከሆነ አጥሩ የሕዝብ መሬት ላይ የቆመ ነውና እንዲነሣ መጠየቅ መብትዎ ነው። ከወሰኑ ውስጥ ሆኖ በአረንጓዴነት የተመለከተ ከሆነ አልሚው ቤት ሊሠራበት አይገባም፤ እርስዎ የመግባት መብት ይኑርዎት አይኑርዎት ግን የሚታወቀው ውሉ ሲታይ ነው። ግቢው በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ የጋራ መጠቀሚያው የቤት ገዢዎቹ የወል ሀብት ነውና፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሰፈሩ ሰው ክርክር ይዳከማል።

በድሬዳዋ ግን የአሸዋ ዳር ከመናፈሻነት በላይ ነው። ከላይ በተራራው የጣለ ዝናብ ከተማውን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን እንደፈጀ እርስዎ ያስታውሳሉ። ውኃ የሚተኛበትን ዳር ክፍት መተው ቀን ለልጆቹ ሜዳ፣ ክፉ ሌሊት ሲመጣ ለጎርፉ ቦታ ይሆናል። ይህንንም በማመልከቻዎ ይጻፉት፤ ጎረቤቶችዎ ይፈርሙበት፤ ከመውረጃው ጠርዝ እስከ ቆርቆሮው ያለውን ርቀት ለክተው፣ ዛፉ የቆመበትንም በንድፍ አመልክተው አብረው ያያይዙት። አጥሩ ቢነሣ ዛፉን ማን እንደሚያጠጣና ሜዳውን ማን እንደሚጠብቅ አብሮ እንዲወሰንልዎ ይጠይቁ፤ ባለቤት ያጣ አረንጓዴ ቦታ በዚህ ሙቀት አንድ በጋ አይዘልቅም፤ ባዶ መስሎ የታየ ቦታም እንደገና ይታጠራል።