ጀበናዬ አንገቱ ላይ ለምን ይሰነጠቃል?

አንዲት የደሴ አንባቢ እንዲህ ጽፋልኛለች፦ «እትዬ፣ ቤቴ ውስጥ በእጄ ጀበና እሠራለሁ። ሲደርቅ ግን ሆዱና አንገቱ የሚገናኙበት ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ሦስት ተበላሸብኝ። የሸክላ ማሽከርከሪያ ስለሌለኝ ይሆን?»

አይደለም ልጄ። እናቴም እኔም ማሽከርከሪያ ነክተን አናውቅም። ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ ይሄን ሁሉ ዓመት በእጄ ነው የሠራሁት። ያስቸገረሽ ውሃው ነው።

ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እንደ አፈሩ ቢለያይም ከመቶ 5 እስከ 10 ያህል ያጥራል። ሆዱን ትናንት ሠርተሽ ዛሬ እርጥብ አንገት ስትቀጥዪበት፣ ሆዱ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ አንገቱ ገና መነሳቱ ነው። አንዱ ሲጎትት ሌላው አይከተለውም። የሚለቀው እንግዲህ መጋጠሚያው ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ባንድ ቀን ሥሪያቸው፤ እኩል ይጠንፍፉ። ከዚያ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ እያቸው። ጣትሽ ከሰመጠ ገና ነው። ጥፍርሽ መስመር ትቶ ጣትሽ ካልሰመጠ ሰዓቱ ያ ነው። ጥፍርም ካልያዘው አልፎበታል፤ በግድ አትቀጥዪው።

የሁለቱንም ከንፈር በሹካ ጫር ጫር አድርጊ። ያንኑ ጭቃ እንደ እርጎ አቅጥነሽ ቀቢው። አንገቱን ስታስቀምጪ ትንሽ ወዲህ ወዲያ እያዞርሽ ተጫኚው፤ የተቀባው ጭቃ ወደ ውጭ ፈንጠር ሲል ይዟል ማለት ነው። በላዩ ቀጭን የጭቃ ገመድ ዙሪያውን አስሪና በጣትሽ ወደ ላይም ወደ ታችም አዋህጂው።

ውስጡንስ? ልጅ ሆኜ የሠራሁትን ጀበና እናቴ ጣቷን አስገብታ ዳሰሰችና «ውጭውን አሳምረሽ ውስጡን ትተሽዋል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ስንጥቁ ከውስጥ ነው የጀመረው። ጣት የማይደርስ ከሆነ እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልለሽ አለስልሺው።

ደሴ የጦሳ ተራራ ንፋስ አለ። በዚያ ላይ የጠዋት ፀሐይ አንዱን ጎን ብቻ ከመታው ጉድ ነው። ጥላ ውስጥ አድርጊና ለሁለት ቀን ፌስታል አልብሺው፤ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ የሚደርቀውን አንገት ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዪለት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ እኛ ጋ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ እኔ ከዚያም በላይ አቆየዋለሁ።

አፈርሽ ውስጥ ገል ከሌለበት ይሄ ሁሉ ድካም ላይበቃ ይችላል። የተሰበረ ምጣድ ወቅጠሽ ንፊና ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ አድርጊበት።

እሳቱን በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። ለጊዜው ሁለት ነገር ያዢ። የቤት ኦቨን 250 ዲግሪ ገደማ ነው የሚደርሰው፤ ጭቃ ሸክላ እንዲሆን ቢያንስ 600 ይፈልጋል፣ ስለዚህ አትሞክሪው። እሳት ከማስነካትሽ በፊትም ጀበናውን ጉንጭሽ ላይ አድርጊው። ከቀዘቀዘሽ ውስጡ ውሃ አለ፤ እሳት ላይ ይፈነዳብሻል።

የተሰነጠቁትን ሦስቱንስ ጣልሻቸው እንዴ? እሳት ካልነካቸው ሰባብረሽ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊያቸው፤ ተመልሰው ጭቃ ይሆኑልሻል።